ሪሌው ሰዓቱ ሞልቶም አልጠፋ ሲል

ጠያቂያችን የውሃ ፓምፕ ከ1 እስከ 15 ደቂቃ የሚያሠራ ቆጣሪ በ555 (ጊዜ በሚቆጥር አይሲ) ሠርተዋል፦ 12 ቮልት፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 1 ሜጋ ኦም ቮልዩም (የሚዞር ሬዚስተር)። ቮልዩሙ እስከ ግማሽ ሲዞር በደንብ ይሠራል፤ መጨረሻው ላይ ግን ፓምፑን የሚያበራው ሪሌ (በኮረንት የሚሠራ ማብሪያ) አልለቅ ይላል።

አይሲውን አይቀይሩት፤ ችግሩ ያለው ካፓሲተሩ ላይ ነው። 555 ሪሌውን የሚያጠፋው ካፓሲተሩ የምንጩን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 8 ቮልት ሲይዝ ነው። እዚያ ሲጠጋ ለ1 ሜጋ ኦሙ የሚተርፈው 4 ቮልት ስለሆነ የሚያልፈው ኮረንት 4 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ደግሞ በባሕርዩ ያፈስሳል። የሚያፈሰው 4 ማይክሮ አምፔር ከደረሰ የገባው ሁሉ ይወጣል፤ 8 ቮልት መቼም አይሞላም። (ካፓሲተሩ የታሰረበትን የ555 6ኛ እግር በቴስተር ሲለኩ ያስተውሉ፤ 10 ሜጋ ኦም የሆነ ቴስተር ራሱ 0.8 ማይክሮ አምፔር ይወስዳል።) ሬዚስተሩን ቀንሶ ካፓሲተሩን ማሳደግም አያዋጣም፤ ካፓሲተሩ ሲያድግ የሚያፈሰውም አብሮ ያድጋል።

ለ15 ደቂቃ ሲዲ4060 የተባለውን ቆጣሪ አይሲ ይግዙ። ትንሽ ካፓሲተር ደጋግሞ እየሞላና እየፈሰሰ አይሲው 8192 ጊዜ ይቆጥራል። 16ኛው እግር ወደ ፖዘቲቭ፣ 8ኛው ወደ ኔጋቲቭ ይሂድ። ከ9ኛው 104 (0.1 ማይክሮፋራድ) የተጻፈበት ፊልም ካፓሲተር (ሴራሚኩ በሙቀት ስለሚለዋወጥ ይቅር)፣ ከ10ኛው 33 ኪሎ ኦም ከ470 ኪሎ ኦም ቮልዩም ጋር ተከታትሎ፣ ከ11ኛው 1 ሜጋ ኦም ያውጡና የሦስቱን ጫፎች አንድ ላይ ይበይዱ። ጊዜው 2.3 × 8192 × ሬዚስተር (የ10ኛው እግር) × ካፓሲተር ነው፤ ከ62 ሴኮንድ እስከ 16 ደቂቃ ግድም ይሰጣል። 12ኛውን በ100 ኪሎ ኦም ወደ ኔጋቲቭ፣ በሌላ 104 ወደ ፖዘቲቭ ያገናኙት፤ መብራት በገባ ቁጥር ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምራል። ከ3ኛው ወደ 11ኛው 1ኤን4148 ዳዮድ፣ በአንድ ጫፉ ያለው መስመር ወደ 11ኛው ዞሮ፤ ይህ ከሌለ ፓምፑ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል።

3ኛው እግር ቆጠራው እስኪያልቅ ዜሮ ላይ ስለሚቆይ ሪሌውን የሚያበራው ትራንዚስተር ፒኤንፒ (ቤዙ ወደ ዜሮ ሲወርድ የሚያሳልፍ) መሆን አለበት፦ ቢሲ557፣ ኤሚተሩ ፖዘቲቭ ላይ፣ ቤዙ በ4.7 ኪሎ ኦም ወደ 3ኛው እግር፣ በኮሌክተሩና በኔጋቲቭ መካከል የሪሌው ኮይል። ኮይሉ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ያስሩ፣ መስመሩ ወደ ኮሌክተር። ተገልብጦ ከታሰረ ትራንዚስተሩ ወዲያው ይቃጠላል።

ለሙከራ 15 ደቂቃ አይጠብቁ። ፊልም ካፓሲተሩን ለጊዜው መቶ እጥፍ በሚያንሰው በ102 ቢቀይሩት ረጅሙ ጊዜ 9 ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይሆናል።

በዚህ አሠራር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፓምፑ ማንም ሳይነካው ይነሣል። ይህ ካሳሰበዎ ሁለት ኮንታክት ያለው ሪሌ ይጠቀሙ፦ የሰርኪዩቱ 12 ቮልት በአንዱ ኮንታክት በኩል ይለፍ፣ የሚጫነው ማስነሻም ከዚያው ኮንታክት ጎን ለጎን ይታሰር። ሪሌው ሲለቅ ሰርኪዩቱ ራሱን ያጠፋል።

የፓምፑን 220 ቮልት በትንሿ ሰማያዊ ሪሌ አያሳልፉ። 10 አምፔር የሚል ቢጻፍባትም ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኮረንት ኮንታክቷን ያጣብቀዋል። ሪሌዋ የኮንታክተርን (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ኮይል ታዝዝ፣ ኮንታክተሩም የፓምፑን ፌዝ ይቁረጥ።