ኢሴንሻል ኦይል ሳልበርዝ ልቀባ ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ላላነበቡት በአጭሩ ልድገመው። ፀጉርሽ ከፊት እየሳሳ ስለሆነ የሮዝመሪና የፔፐርሚንት ኢሴንሻል ኦይል፣ ማለትም ከተክል የወጣ ኃይለኛ መዓዛማ ዘይት፣ ገዝተሻል። ሻጯ «ንጹህ ስለሆነ ምንም ሳትቀላቅይ የራስ ቆዳሽ ላይ አንጠብጥቢው» ብላሻለች። ትንሽ ልጅ አለሽ፣ ማታ ማታ እሱ ክፍል ዲፊውዘር (የዘይቱን ሽታ አየር ላይ የሚበትን መሣሪያ) ልታበሪ አስበሻል። አንዷ ደግሞ «ውሃ ላይ ጠብ አድርጊና ጠጪው» ብላሻለች። የቱን ልመን ነው ያልሽው።

ማንንም አትመኚ፣ እኔን ስሚኝ። ቀልዴን ነው፣ ግን ግማሹ እውነቴን ነው።

1. ያልተበረዘ ዘይት ቆዳሽን እንዳይነካ።

የኔም ሻጭ ያንቺዋን ነው የምትመስለው። የሸጠችልኝ ላቬንደር ነበር። «ላቬንደር ለሕፃን እንኳን ይሆናል፣ መበረዝ ለተጭበረበረ ዘይት ነው» አለችኝ። ስልጠና ወስጃለሁ የምትል ሰው ናትና አመንኳት። ማታ ማታ አንገቴንና ክንዴን እቀባ ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆንኩም። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። የቆዳ አለርጂ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። ሰውነት ነገሩን እስኪለምደው ሳይሆን እስኪጠላው ዝም ይላል። አንዴ ከጠላው በኋላ ግን ለአንዲት ጠብታም ይነሳል። ያልተበረዘ ዘይት ደጋግሞ መቀባት ደግሞ ያንን ቀን ያቀርበዋል።

አንገቴ ቀላ፣ አሳከከኝ፣ ሽፍታ ወጣብኝ። ደወልኩላት። «ደስ ይበልሽ፣ መርዝ እየወጣልሽ ነው፤ ጨምሪበት» አለችኝ። ይሄን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ቆዳ በሽፍታ መርዝ አያወጣም። የሰውነትን ቆሻሻ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የቀላ ቆዳ መልእክቱ አንድ ነው፦ አቁሚ። እሷ ግን ጨምሪ አለችኝ፣ እኔም ቆዳዬ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ጨመርኩ።

ከዚያ ለኩባንያው ቅሬታ ጻፍኩ። የመለሱልኝን ብታዪ! «ምርታችን መቶ በመቶ ንጹህ ስለሆነ አለርጂ ሊያስነሳ አይችልም፣ ችግሩ ከሰውነትዎ ነው» አሉኝ። ሌላ ጥያቄ ስጽፍላቸው የተለመደውን የማባበያ መልእክት ላኩልኝ፤ ከዚያ ዝም። እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም።

ለመሆኑ ንጹህ ቢሆንስ? ላቬንደር ውስጥ ያለው ሊናሉል የሚባል መዓዛ ሰጪ ንጥረ ነገር የተክሉ የራሱ ነው፣ ማንም አልጨመረበትም። አየር ሲነካው ግን ይለወጥና ሃይድሮፐርኦክሳይድ የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። አለርጂ በማስነሳት የታወቁት እነሱ ናቸው። የሎሚና የብርቱካን ዘይት ውስጥ ያለው ሊሞኒንም እንደዚያው ነው፣ ቲ ትሪ የሚባለው ዘይትም ሲያረጅ ይብሳል። ስለዚህ ንጽህና ሌላ፣ ደህንነት ሌላ። ጠርሙሱ ላይ «ቴራፒዩቲክ ግሬድ» (ለሕክምና የሚሆን ደረጃ) የሚል ካየሽም አትደነቂ። ኩባንያዎች ራሳቸው ለራሳቸው የሚሰጡት ማዕረግ ነው፣ ፈትሾ የሚሰጥ የመንግሥት አካል የለም።

የቆዳ ሐኪም ፓች ቴስት ሠራልኝ። የተለያዩ ነገሮች ያሉበት ፕላስተር ጀርባሽ ላይ ይለጠፋል፣ 48 ሰዓት ይቆያል፣ ተነስቶ ይታያል፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ በድጋሚ ይታያል። ውጤቱ ሊናሉል ሆነ። ሐኪሙ እንዲህ ዓይነቱ አለርጂ አብሮሽ እንደሚኖር ቁርጡን ነገረኝ። ሊናሉል የሌለበት ሽቶ፣ ሻምፑና ሳሙና መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። አሁን ሱቅ ስገባ ከዋጋው በፊት የማነበው ከኋላ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ነው።

2. አበራረዙ።

ለፊት 1 በመቶ፣ ለሰውነት 2 በመቶ ይበቃል። 30 ሚሊ ሊትር የጆጆባ ወይም የአልመንድ ዘይት ላይ 6 ጠብታ ስታደርጊ 1 በመቶ አካባቢ ነው፣ 12 ጠብታ ደግሞ 2 በመቶ። 10 ሚሊ ብቻ ከሆነ የምትሠሪው 2 ጠብታ 1 በመቶ ይሆናል። የጠብታ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ ግን ለቤት ሥራ ይሄ ያስኬዳል። ዛሬ ቤተሰቡ ሁሉ ጠብታ የሚያስቆጥረው እኔን ነው። በአለርጂዬ ምክንያት ጓንት አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ ነው የምበርዝላቸው፣ ግን ከኔ የተሻለ የሚበርዝ የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ይሄ ሒሳብ ለሁሉም ዘይት አይሠራም። ለቀረፋ ልጥ ዘይት የደህንነት ባለሙያዎች የሚመክሩት ከፍተኛ መጠን 0.07 በመቶ ነው። ለቅርንፉድ 0.5፣ ለጠጅ ሳር 0.7። ቀረፋን እንደ ላቬንደር በ2 በመቶ ብትበርዢው ተቃጠልሽ ማለት ነው።

ወደ ፀጉርሽ። ሮዝመሪ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ሮዝመሪን ሚኖክሲዲል ከሚባለው የሚቀባ የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት (2 በመቶ) ጋር አወዳድሮ ነበር። 100 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ነው የተሞከረው። በ3 ወር ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፣ በ6 ወር ግን በሁለቱም በኩል የፀጉር ቁጥር ጨመረ። አንድ ጥናት ነው፣ ምንም ያልተቀባ ቡድንም አልነበረውም፣ የተሳተፉትም ወንዶች ናቸው። ብቻ ሁለት ሳምንት ቀብተሽ «አልሠራም» ብለሽ መጠኑን እንዳትጨምሪ ብዬ ነው የነገርኩሽ። በ1 በመቶ ጀምሪ። ከመጀመርሽ በፊት የበረዝሽውን ክርንሽ ውስጥ ትንሽ ቀቢና እስከ ሁለት ቀን ጠብቂ። ካሳከከሽ ተይው። ፔፐርሚንቱ የሚያቀዘቅዝሽ ውስጡ ባለው ሜንቶል በሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ያ ስሜት ፀጉር እየበቀለ ነው ማለት አይደለም። ስትቀቢ ዓይንሽ እንዳይገባ ተጠንቀቂ። ከገባ በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢው። ቆዳ ላይ ያልተበረዘ ከፈሰሰ ግን መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጥረጊው፣ ከዚያ በሳሙና። ውሃ ብቻውን አያነሳውም።

3. አትጠጪው።

አንዱ ቅቢ፣ አንዱ ጠጪ፣ አንዱ አሽትቺ ብቻ የሚልሽ ለምን መሰለሽ? ስለ አሮማቴራፒ፣ ማለትም በእነዚህ ዘይቶች ስለ መታከም፣ የሚጽፉ ሰዎች ሦስት መንገድ ይለያሉ። የፈረንሳዩ መንገድ በአፍ መውሰድንም ይጨምራል፣ ግን በሠለጠነ ሐኪም ትእዛዝና በተለካ መጠን ነው። አሮማቴራፒ የሚለውን ስም ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ ነው፣ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1937 ወጣ። የእንግሊዙ መንገድ ማሳጅ ነው፣ በጣም በርዞ መቀባት። የጀርመኑ የሚባለው ደግሞ ማሽተት ላይ ያተኩራል። እያንዳንዱ የራሱ ልጓም አለው። ሻጮች የፈረንሳዩን መጠጣት ያለ ሐኪሙ፣ የእንግሊዙን መቀባት ያለ መበረዣው ይዘው መጡልን። የኔዋ ሻጭ ያደረገችው ይሄንኑ ነው፣ ያንቺዋም እንደዚያው።

ደግሞም ዘይት ከውሃ አይቀላቀልም። ብርጭቆው ላይ ይንሳፈፍና ያልተበረዘው ጠብታ በቀጥታ ከንፈርሽንና ጉሮሮሽን ያገኘዋል። የገላ መታጠቢያ ውሃ ላይ ማንጠብጠብም ያው ነው። ዊንተርግሪን የሚባለውን ዘይትማ ቤት ውስጥ ባታስገቢው ደስ ይለኛል። ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፣ የአስፕሪን ዘመድ። አንድ የሻይ ማንኪያው ሕፃን ሊገድል ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢቀባው እንኳን የደም መፍሰስ ሊያመጣበት ይችላል።

4. ልጁ።

ፔፐርሚንትና ባህር ዛፍ ትንሽ ልጅ ፊት አጠገብ አይቀቡም፣ አፍንጫውም ሥር አይያዙም። የፔፐርሚንቱ ሜንቶልና የባህር ዛፉ ሲኒዮል የሕፃናትን አተነፋፈስ ሊያውኩ ይችላሉ። ክፍሉ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ዲፊውዘር ማብራትም ይቅርብሽ። ሲነቃ ሳሎን፣ በር ተከፍቶ፣ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ይጥፋ። ልጁ ማስነጠስ ወይ ማሳል ከጀመረ ወዲያው አጥፊው። አስም ካለበት ጨርሶ ተይው። እዚህ ላይ አልከራከርም። ድመት ካለሽም አስቢበት፣ ጉበቷ እነዚህን ነገሮች እንደ ሰው ጉበት አያብላላም፣ ቲ ትሪ በተለይ ይመርዛታል።

ጠርሙሶቹን ቆልፊባቸው። ጥሩ ስለሚሸቱ ልጅ ይጠጣቸዋል፣ ጥቂት ሚሊ ሊትር የባህር ዛፍ ወይም የካምፎር ዘይት በደቂቃዎች ውስጥ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከጠጣ አታስመልሺው! ሲያስመልስ ዘይቱ ሳንባው ይገባል። ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሩጪ።

5. ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ተጨምቆ የወጣ የሎሚና የቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ) ዘይት ከፀሐይ ጋር ተጣልቷል፣ ቀብተሽ ከወጣሽ ቆዳሽን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ቤርጋሞት ከ0.4 በመቶ እንዳይበልጥ። በእንፋሎት የወጣው ሎሚ ይሄ ችግር የለበትም፣ ጠርሙሱን አንብቢ። የከፈትሽበትን ቀን ጻፊበት፣ ጥቁር የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉ ዘይቶችና ቲ ትሪ ከተከፈቱ ዓመት ካለፋቸው ለቆዳ አትጠቀሚያቸው። እሳት አጠገብም አይቀመጡ።

አሁን የሮዝመሪሽን ጠርሙስ ጀርባ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊው። ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ ወይም ሳልቪያ ሮዝማሪነስ የሚል የላቲን ስም ከሌለው መልሺላት፣ ገንዘብሽንም ጠይቂ። ካለው ደግሞ ካምፎር፣ ሲኒዮል ወይስ ቨርቤኖን ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች የቱ እንደሚበዛበት የተጻፈውን አይቼ እነግርሻለሁ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብሽ ግን እኔን አትጠብቂኝ፣ ሳትከፍቺው ሐኪምሽን ጠይቂ።