ቡድናችን ጥሎን ይሄዳል? ስለ ሆኪ ክለቦች መዛወር የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን የጄትስ ደጋፊ ነው፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከቡድኑ ፎቶግራፎች ሌላ ምንም የለም። ባለፉት ዓመታት የዓመት ትኬት የሚገዛው ሰው በጣም ቀንሷል ተብሎ ብዙ ተወራ። ትምህርት ቤትም ልጆቹ «ቡድኑ እንደ በፊቱ ጥሎን ሊሄድ ነው» ይባባላሉ። አንድ ማታ ልጄ «እማዬ፣ እኛ ትኬት ስላልገዛን ነው የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ። እውነት ቡድን እንዲህ በቀላሉ ከከተማ ወደ ከተማ ይነሣል? ጥፋቱስ የደጋፊው ነው?
አንዲት እናት፣ ከዊኒፔግ

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ልጅዎን «ጥፋቱ የእኛ አይደለም» ይበሉት። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ከተማ የቀየሩ ክለቦችን ታሪክ ስመለከት የደጋፊ ፍቅር ብቻውን ያስቀረው ክለብ አላገኘሁም። ክለብ የሚቀረው ወይም የሚሄደው በሁለት ነገሮች ነው፦ የሚጫወትበት አዳራሽ በማን እጅ እንዳለና ባለቤቱ ማን እንደሆነ። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም ክለቡ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አሪዞና በኖርኩበት ዘመን ግሌንዴል በሚገኘው አዳራሽ ደጃፍ፣ በመኪና ማቆሚያው፣ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ቡድኑ ካዮቲስ ይባል ነበር፤ ከእናንተው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 የሄደው የድሮው ጄትስ ነው። አዳራሹ ከፊኒክስ በስተ ምዕራብ ዳር ይገኛል፤ ትኬት የሚገዛው ሕዝብ ግን በብዛት የሚኖረው በስተ ምሥራቅ፣ በስኮትስዴልና በአካባቢዋ ነው። ጨዋታው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሰብስቦ፣ በተጨናነቀው አውራ ጎዳና ከተማውን አቋርጦ ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጀምሯል። የመኪናው መስኮት ሲከፈት መጀመሪያ የምሰማው የሬዲዮውን የጨዋታ ዘገባ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ የቡድኑን ማሊያ የለበሱ ልጆች ቀበቷቸውን ፈትተው ለመውረድ ይቸኩላሉ፤ አባትየው ገንዘቡን ይሰጠኝና «ውጤቱ ስንት ሆነ?» ይለኛል። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ «በበረሃ ሆኪ የሚወድ ሰው የለም» የሚል ሳነብ ደሜ ይፈላ ነበር። ዛሬ በቶሮንቶ ቡድን ዝነኛ የሆነው ኦስተን ማቲውስ ያደገው እዚያው ስኮትስዴል ነው፤ በልጅነቱ የካዮቲስን ጨዋታ እያየ አድጎ በ2016 የሊጉ ክለቦች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ ከሁሉ ቀድሞ ተመረጠ። ፍቅር በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ልጅ አይበቅልም።

ታዲያ ካዮቲስ ለምን ሄደ? ታሪኩን ከእናንተ ከተማ ልጀምረው። በ1990ዎቹ የዊኒፔግ ክለብ በአሮጌ አዳራሽ ተከራይ ነበር፤ ባለጸጎች በውድ የሚከራዩዋቸው የግል ክፍሎች ጥቂት ነበሩ። ተጫዋቾች የሚከፈሉት በአሜሪካ ዶላር፣ የትኬቱ ገቢ ደግሞ በተዳከመው የካናዳ ዶላር ነው፤ ሊጉም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለውን የሚገድብ የደመወዝ ጣሪያ አልነበረውም። በ1995 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ሕፃናት የሳንቲም ማጠራቀሚያቸውን ሰብረው አመጡ። ይህ ሁሉ ክለቡን አንድ የውድድር ዘመን ብቻ አቆየው።

ፊኒክስ ሲገባ መጀመሪያ የተሰጠው ለቅርጫት ኳስ የተሠራ አዳራሽ ነበር። የሆኪ ሜዳ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ በጣም ስለሚረዝም በአንድ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ግቡን በደንብ ማየት አይችልም፤ እንዲህ ላለ ወንበር ማንም ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። በ2003 መጨረሻ ግሌንዴል አዲስ አዳራሽ ሠርታ ወሰደችው፤ ቦታው ግን ቀደም ሲል የነገርኳችሁ ነው። በ2009 ክለቡ ኪሳራ አወጀ፤ ሊጉ ራሱ ገዝቶ እስከ 2013 አስተዳደረው። ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹ ተቀያየሩ፤ ከከተማው አስተዳደር ጋር የነበረው የኪራይ ጭቅጭቅም አልበረደም። በ2021 ግሌንዴል ውሉን እንደማታድስ አስታወቀች። ክለቡ ቴምፒ በሚገኘው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጠጋ፤ ይህ አዳራሽ 5,000 ሰው እንኳ የማይሞላ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ጋር ሲፋለሙ ማየት ለደጋፊው ደስታም ኀፍረትም ነበር።

የመጨረሻው ተስፋ በቴምፒ አዲስ አዳራሽና መንደር መሥራት ነበር። ግንቦት 2023 ላይ ለነዋሪው ድምፅ ቀረበ፤ ነዋሪው አልተቀበለውም። በዚህ ድምፅ ሰጪውን አልወቅሰውም፤ ከተማ ሌላ ብዙ ጉዳይ አለበት። በሚያዝያ 2024 የሊጉ ባለቤቶች ቦርድ ሽያጩን አጸደቀ፤ ቡድኑ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ በተዘገበ ዋጋ ለዩታው ባለሀብት ለሪያን ስሚዝ ተላልፎ ሶልት ሌክ ሲቲ ገባ። ሽያጩ ከመጽደቁ አንድ ቀን በፊት በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ኤድመንተንን 5 ለ 2 አሸንፈው ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ቡድኑ አሸንፎ፣ በማግስቱ ክለብ አልባ መሆን ማለት ይህ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀውን ጉዳይ ሲያዩት ደጋፊው የወሰነው ነገር የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ የዊኒፔግ ሁኔታ ከዚያ የተለየ ነው። የዛሬው ጄትስ በ2011 ከአትላንታ የመጣ ነው። ባለቤቱ ትሩ ኖርዝ የተባለው የከተማው ኩባንያ ሲሆን በመሐል ከተማ ያለው አዳራሽም የዚያው ኩባንያ ነው። ክለቡ ተከራይ ስላልሆነ የሚያስወጣው አከራይ የለም፤ የምግቡም፣ የማስታወቂያውም፣ የሙዚቃ ድግሱም ገቢ እዚያው ይቀራል። ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ ዴቪድ ቶምሰን ከካናዳ ግንባር ቀደም ባለጸጎች አንዱ ነው። ከ2005 ጀምሮ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ድሮ ክለቡን የገደለው የደመወዝ ውድድር ዛሬ በልክ ተይዟል።

ስጋቱ ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም፤ ይህን ልሸፍንልዎ አልፈልግም። በ2011 ወደ 13,000 የሚጠጋው የዓመት ትኬት በጥቂት ቀናት አለቀ፤ በ2023–24 የውድድር ዘመን ግን የገዢው ቁጥር ወደ 9,500 ዝቅ አለ። ሊቀመንበሩ ማርክ ቺፕማን በዚህ መጠን ለረጅም ጊዜ መዝለቅ እንደማይቻል በይፋ ተናገሩ። አዳራሹ ከሊጉ ትንንሾች አንዱ ስለሆነ ጥቂት ወንበር ባዶ ሲቀር ጉዳቱ ቶሎ ይሰማል። በሌሎች ከተሞች ትልልቅ ኩባንያዎች ትኬቱን በጅምላ ይገዛሉ፤ በዊኒፔግ ሸክሙ በብዛት የወደቀው እንደ እርስዎ ባለ ቤተሰብ ላይ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ ኑሮ ሲወደድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚቀንሰው ትኬት ነውና። የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን በ2024 መጀመሪያ ዊኒፔግ መጥተው ክለቡ ይሄዳል የሚል ፍርሃት እንደሌላቸው ተናግረዋል። በዚህ ጉዳይ እኔም አምናቸዋለሁ፤ የአዳራሹና የክለቡ ባለቤት አንድ ሆኖ ባለቤቱም የከተማው ሰው እስከሆነ ድረስ መሄዱን አልጠብቅም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። «ሊሄድ ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ራሱ መደራደሪያ ነው። በ2007 የፒትስበርግ ቡድን ወደ ካንሳስ ሲቲ ሊሄድ ነው ተብሎ ከተማው በጭንቀት ሰንብቷል፤ በዚያ ዓመት መጋቢት በአዲስ አዳራሽ ላይ ስምምነት ተደረሰ፣ ቡድኑም ቀረ። የክለቡ ባለቤት የነበሩት ማሪዮ ለሚዩ ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት፣ ዓላማቸው መቆየት ሆኖ ሳለ ግፊት ማሳደር ነበረባቸው። ባለቤቶቹ ይህን የሚያደርጉት በልጆች እንቅልፍ ነው፤ እኔ ይህን ይቅር የምለው ነገር አይደለም። ስለዚህ ወሬው ሲነሣ ልጅዎን «ወሬው ሲነዛ ማን ምን ያገኛል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምሩት። በእውነት መጨነቅ ያለባችሁ የክለቡ ዋና ድርሻ ለውጭ ከተማ ባለሀብት ተሸጠ ሲባል፣ ወይም ክለቡና አዳራሹ በተለያየ እጅ ሲገቡ ነው። ሃርትፈርድ የሆነው ይኸው ነው፦ በ1994 ክለቡን ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለሀብት ገዛው፤ ደጋፊው የዓመት ትኬት ለመሸጥ ትልቅ ዘመቻ አደረገ፤ በ1997 ክለቡ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄደ።

ትኬት መግዛት ከቻሉ ይግዙ፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ቤተሰብ የሚከፋፈል ጥቅል መኖሩንም ክለቡን ይጠይቁ። ካልቻሉ ልጅዎ ቤት ሆኖ ቢያይ ደጋፊነቱ አይጎድልም፤ የቴሌቪዥን መብትም የሚሸጠው በተመልካች ብዛት ነው።

ጥያቄ፦ ክለብ የግል ንብረት ነው። ባለቤቱ ወደፈለገበት ቢወስደው ማን ይከለክለዋል?
ነጋዴው፣ ከዴንቨር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊጉ ይከለክለዋል። ክለብ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ሊጉ ውስጥ በአንድ የተወሰነ ከተማ የመጫወት መብትን ነው፤ ለማዛወር የሌሎቹን ባለቤቶች ድምፅ ማግኘት አለበት። ይህን በደንብ የቀመሱት በብላክቤሪ ስልክ የታወቁት ካናዳዊው ጂም ባልሲሊ ናቸው። በ2009 ካዮቲስን ከኪሳራ ፍርድ ቤት ገዝተው ኦንታሪዮ ውስጥ ወዳለችው ሃሚልተን ሊወስዱት ከሊጉ የበለጠ ገንዘብ አቀረቡ። የክለብ ባለቤቶቹ 26 ለ 0 በሆነ ድምፅ አልተቀበሏቸውም፤ ዳኛውም ሊጉ ሳይፈቅድ ክለቡን መውሰድ እንደማይችሉ ወሰኑ። ሃሚልተን እስከ ዛሬ የኤንኤችኤል ክለብ የላትም።

ሊጉ እንዲህ የሚጠነክረው ለደጋፊ አዝኖ ብቻ አይደለም። ክለብ ያጣ ትልቅ ከተማ ለሊጉ የሚሸጥ ዕቃ ነው፦ ላስ ቬጋስ በ2017 ለመግባት 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ሲያትል በ2021 ደግሞ 650 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። አንድ ባለቤት በራሱ ፈቃድ ገብቶ ቢቀመጥበት ይህ ገንዘብ ይቀራል። ከተማ አዳራሽ ብቻ ሠርታ ብትጠብቅስ? ኩቤክ ሲቲን ይመልከቱ። ክለባቸው በ1995 እርስዎ ወዳሉበት ዴንቨር መጥቶ በዓመቱ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሣ። ኩቤክ በ2015 ከ18,000 ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ ገንብታ ከፈተች። አዳራሹ ቆሟል፣ የኤንኤችኤል ክለብ ግን አልመጣም።

ጥያቄ፦ ክለብ ሲሄድ ስሙና ታሪኩስ የማን ይሆናል?
ተማሪ፣ ከካልጋሪ

መልስ፦ ውል ካልከለከለ በስተቀር የክለቡ ባለቤት ንብረት ነው። ቴሙ ሴላኒ በ1992–93 በአንደኛ ዓመቱ ለዊኒፔግ 76 ግብ አግብቷል፤ ይህ ታሪክ በመዝገብ ወደ አሪዞና ሄደ፣ የዛሬው ጄትስ በመዝገብ የያዘው የአትላንታን ታሪክ ነው። ሕዝቡ ግን መዝገቡን አልጠበቀም፤ ለድሮው ኮከብ ለዴል ሃወርቸክ በ2022 ዊኒፔግ መሐል ሐውልት ቆሞለታል። የካሮላይና ቡድን ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ ጨዋታዎች የሃርትፈርድን የድሮ ማሊያ ይለብሳል፤ በዚህ የሚናደዱ የሃርትፈርድ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚህ የተሻለው መንገድ የክሊቭላንድ ነው። ስፖርቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቢሆንም ለሆኪም ይሠራል፦ የከተማዋ ክለብ የብራውንስ ባለቤት በ1996 ተጫዋቾቹን ይዞ ወደ ባልቲሞር ሲሄድ፣ ከተማዋ ተከራክራ ስሙን፣ ቀለሙንና የውጤት መዝገቡን አስቀረች። በ1999 አዲስ ክለብ ሲመሠረት ሁሉም ተመልሶ ተሰጠው። ማንኛውም ከተማ የአዳራሽ ኪራይ ውል ሲፈርም ይህን አንድ አንቀጽ ቢያስገባ ብዙ ገንዘብ አይጠይቀውም፤ መጠየቅ ያለበትም ክለቡ ሻንጣውን ሳይሸክፍ ነው።