ባንኩ ይቀድማል፤ ግን በቀናት ብቻ

ኮምቦልቻ ላለባችሁ የተማሪዎች ክርክር «ኢኮኖሚ ክፉኛ ሲደቅ መንግሥት መጀመሪያ ባንክ ያድን ወይስ ሥራ ይፍጠር?» ብለሃል። ባንክ ይቀድማል። የሚቀድመው ግን በቀናት እንጂ በዓመታት አይደለም።

አሜሪካን ጥቀስ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. መጋቢት 1933 ሥልጣን ሲይዙ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ባንኮችን በሙሉ ለጊዜው ዘጉ፤ በሳምንቱ ጤነኞቹን እየለዩ ማስከፈት ጀመሩ። ወጣቶችን በደን ልማት የሚያሰማራው ሕግ የጸደቀው እዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው።

ምክንያቱን ከአጠገብህ አስረዳ፦ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሚገዛበት ብድር ከቆመ ደመወዝ ይቆማል፤ ደመወዝ ከቆመ ገበያው ጤፍ ይዞ ገዢ ያጣል።

ተከራካሪህ «ዕዳው ስለከበደ ወጪ ይቀነስ» ካለህ የአሜሪካን እ.ኤ.አ. 1937ን አንሳበት። ኢኮኖሚው ገና ሲያገግም የመንግሥት ወጪ ተቀነሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ አጥነት እንደገና አሻቀበ። እዚህ ላይ አትልቀቀው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ደሴ ውስጥ በኮብልስቶን ንጣፍ ሥራ ላይ ስም መዝጋቢ ነበርሁ። ክፍያው ሁለት ወር ዘገየ። ሠራተኞቹ ዱቄትና ዘይት በዱቤ ሲበሉ ከርመው ነበርና ባለሱቁ በክፍያው ቀን ደብተሩን ይዞ በር ላይ ቆመ። አንዲት እናት አውራ ጣታቸውን በቀለም አትመው ብሩን ተቀበሉ፤ ሳይቆጥሩት ለእርሱ ሰጡትና ድንጋያቸውን ሊጠርቡ ተመለሱ። ስለዚህ «ሥራ ይፈጠር» ብለህ አትቀመጥ፤ ደመወዙ በስንት ቀን እጅ እንደሚገባም ተናገር።