ጥያቄና መልስ፦ «ካባይ» ብሎ መጻፍ ያስቃል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ስለ ጉዞው አጫጭር ጽሑፎች ይጽፋል። በቅርቡ አንዱን ለሥራ ባልደረቦቹ ሰጣቸው። ከመካከላቸው አንዱ በሻይ ሰዓት ድምፁን እየቀያየረ አነበበላቸውና መሣቂያ አደረገው። ሣቁ የበረታው በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር፦ «በትላንትናው እለት የጎሀ ጽዮንን ቁልቁለት የወረድን ሲሆን ጸሀይዋም ገና ያልወጣች ሲሆን ካባይ ድልድይ ላይ ቆመን ውሃው ሲፈስ ስናየው ቃላቶች የማይገልጹት ስሜት ተሰምቶን ነበር።» ያሣቋቸው «እለት»፣ «ጸሀይ»፣ «ካባይ» እና «ቃላቶች» ናቸው። ወረቀቱም በጠርዙ ላይ «የአማርኛ መምህራኖች ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?» ተብሎ ተጽፎበት ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ ብዕር አላነሣም። ለመሆኑ አራቱም ስሕተት ናቸው? የተደረገበትንስ «ተቹት» ልበል ወይስ «ተሳለቁበት»?

መልስ፦ ከጠርዙ ጽሑፍ መጀመር ይሻላል። «መምህር» የሚለው የግእዝ ቃል ሲበዛ «መምህራን» ይሆናል፤ በዚያ ላይ የአማርኛውን የብዙ ቁጥር ምልክት ደርቦ «መምህራኖች» ማለት፣ «ቃል» በ«ቃላት» ከበዛ በኋላ «ቃላቶች» እንደ ማለት፣ የበዛውን ደግሞ ማብዛት ነው። ባልደረባው በወንድምዎ ላይ የሣቁበትን ስሕተት በዚያው ወረቀት ላይ በገዛ እጃቸው ደግመውታል። በንግግር «ካህናቶች»ም «ሊቃውንቶች»ም ሲባል መስማት የተለመደ ስለሆነ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ በጽሑፍ ግን ወይ «መምህራን» ወይ «መምህሮች»፣ ወይ «ቃላት» ወይ «ቃሎች» ብሎ አንዱን መምረጥ ይገባል። ስለዚህ ከአራቱ ነቀፋዎች ይህ አንዱ ትክክል ነው፤ ነቃፊው ማን ሆነ ማን።

«እለት» እና «ጸሀይ» የፊደል ምርጫ ጉዳይ ናቸው። በግእዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ በአማርኛ ንግግር ግን ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጸሐፊው ቦታቸውን የሚያውቀው በጆሮው ሳይሆን በትምህርት ብቻ ነው። ልዩነታቸው ትርጉም የሚለውጥበት ጊዜ መኖሩ አይካድም፤ «ሠረቀ» ብርሃን ሲወጣ ነው፣ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ «ዓመተ ምሕረት»ን በ«አ» የጻፈ ሰውም ግእዝ ለሚያነብ ሰው «የምሕረት ገረድ» ብሎ እንደ ጻፈ ይቆጠራል። እንዲህ ባለው ቦታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «እለት» ግን ከሌላ ቃል ጋር ስለማይጋጭ አንባቢን የሚያሳስትበት መንገድ የለም። «ጸሀይ»ን በተመለከተ ደግሞ ምንጩ ይጠበቅ ከተባለ፣ ዛሬ በጥንቃቄ የሚጽፉት ሰዎች «ፀሐይ» የሚሉት ቃል በግእዝ በራብዑ «ሓ» የሚጻፍ «ፀሓይ» ስለሆነ፣ ሣቁ ለብዙ ሰው ይተርፋል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን እንኳ አያሳይም፤ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን «ገና» ግን የልደት በዓል መስሎት ግራ የተጋባ አንድም ባልደረባ አልነበረም። እኔ ለወንድምዎ የምመክረው «ዕለት» እና «ፀሐይ» ብሎ እንዲጽፍ ነው፤ እንደ ልማድ ይህ የተሻለ ነው፤ የሚያስቅ ነገር ግን አላየሁበትም።

«ካባይ» ጭራሹኑ ስሕተት አይደለም። «ከ» በአናባቢ ከሚጀምር ቃል ጋር ሲገናኝ በንግግር ሁላችንም እናዋሕደዋለን፤ በጽሑፍ ነጣጥሎ «ከዓባይ» ማለት የዘመናችን የኅትመት ልማድ ነው እንጂ የሰዋስው ትእዛዝ አይደለም። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ሽፋን ይመልከት፤ ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። «አዲስ» በዐይኑ «ዐ»፣ «የአማርኛ» ደግሞ ተዋሕዶ «ያማርኛ»! ይህ ርእስ ያለ ደራሲው ስም በዚያ የሻይ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ላይ ብቻ ምን ያህል እንደሚሣቅ መገመት አያስቸግርም። እኚሁ ሊቅ፣ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትንና አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያስፋፉትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አሟልተው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ «ያማርኛ» ብለው የጻፉት ባለማወቅ ነው የሚል አይኖርም። ወንድምዎ ከሁለቱ አጻጻፍ የወደደውን ይያዝ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ካባይ» ካለ በኋላ ዝቅ ብሎ «ከአዲስ አበባ» እንዳይል ይጠንቀቅ።

ስለ ግሡ ለጠየቁት መልሱ «ተሳለቁበት» ነው። «ተቸ»፣ «አረመ» እና «ገመገመ» ተሳቢያቸውን በቀጥታ ስለሚይዙ «ተቹት»፣ «አረሙት» ይባላል፤ «ተሳለቀ»፣ «አፌዘ»፣ «አላገጠ»፣ «አሾፈ» ግን «በት» የሚለውን ይፈልጋሉ። በደብዳቤዎ እንደ ገለጹት አንድም እርማት ስላልተሰጠው «ተቹት» ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር፣ ዜማዋ ቢሰበር ወይም ሰሟና ወርቋ ባይገጥም ጓደኞቹ መሣቃቸው አይቀርም፤ መምህሩ ግን የተሰበረውን ቤት አቃንቶ ሳይመልስለት አያሰናብተውም።

አሁን ማንም ወዳልሣቀበት ነገር ልለፍ፤ የዐረፍተ ነገሩ ዋና ሕመም ያለው እዚያ ነው። «የወረድን ሲሆን»፣ «ያልወጣች ሲሆን» የሚለው አያያዝ ከዜና አነባበብ የተወረሰ ነው። አማርኛ ማሠሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ሐሳቡን የሚቋጨውን ግሥ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢው እስከዚያ ድረስ የተነገረውን ሁሉ በልቡ ይዞ ይጠብቃል፤ ጸሐፊውም የትኛው ዋና ድርጊት፣ የትኛው የጊዜ መግለጫ፣ የትኛው ምክንያት እንደሆነ በየመንገዱ ካላሳየው ይደክማል። «ሲሆን» ይህን አያሳይም፤ ቁልቁለቱን መውረድና የፀሐይ አለመውጣት እኩል ክብደት ያላቸው ይመስል አጠገብ ለአጠገብ ያቆማቸዋል። አንድ ጊዜ ቢገባ ይታለፋል፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውንም ያበላሸዋል። ለዚህ ሥራ ቋንቋው ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም ሐሳቡን ሳይቋጭ ወደሚቀጥለው ግሥ የሚያሻግር የግሥ መልክ፣ አለው፤ ወንድምዎ ራሱ «ቆመን» ሲል በትክክል ተጠቅሞበታል። በዚያው መንገድ ቢቀጥል «ትናንት ፀሐይ ሳትወጣ የጎሐ ጽዮንን ቁልቁለት ወርደን ካባይ ድልድይ ላይ ቆምን» ይል ነበር። «በትላንትናው እለት» የሚለውም «ትናንት» ከሚለው የበለጠ የሚነግረን ነገር የለውም፤ የቢሮ ደብዳቤ ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

«ቃላት የማይገልጹት ስሜት» የሚለው ደግሞ በእኔ ሚዛን ከአራቱም የተነቀፉ ቃላት ይበልጥ ከባድ ጉድለት ነው፤ ሰው ያላየውን ቦታ ሊያሳየን ብዕር አንሥቶ ልክ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሥራውን ለቀቀ። ስሜቱን ይተወውና ውኃውን ይግለጽልን። ጉዞው በክረምት ከነበረ ዓባይ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ይወርዳል፤ በበጋ ከሆነም ውኃው ጎድሎና ጠርቶ የሸለቆው ድንጋይ ይታያል። ከደጋው ብርድ ወደ በረሃው ሙቀት ሲወርዱ ኩታውን መጀመሪያ ያወለቀው ማን ነበር? ድልድዩ ላይ ቆሞ የሚሰማው የውኃው ድምፅ ነው ወይስ የከባድ መኪናው ሞተር? ይህን ጨምሮ ያን አንቀጽ እንደ ገና ይጻፈውና፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በእርስዎ በኩል ይላክልን።