ክብ ላይ የሚዞሩ ነገሮች አንጻራዊ ፍጥነት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ፊዚክስ አስጠናለሁ። ተማሪዎቼ አንጻራዊ ፍጥነት (አንዱ ከሌላው አንጻር ሲታይ ያለው ፍጥነት) ቀጥታ መንገድ ላይ ሲሆን አይቸገሩም። መንገዱ ክብ ሲሆን ነው ግራ የሚገባቸው። ሰሞኑን "የከበዳችሁን ላኩልኝ" ብዬ ነበር፤ ከመጡት እነዚህን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አንድ ሯጭ ሌላውን መቼ እንደሚደርበው እንዴት ነው የሚሰላው?

የፍጥነታቸውን ልዩነት ያዝ። ቀነኒሳ በቀለ ነሐሴ 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨረሰ። 25 ዙር ነውና ለአንዱ ዙር በአማካይ 63.1 ሰከንድ ወሰደበት፤ በሰከንድ 6.34 ሜትር መሆኑ ነው። አንዱን ዙር በ67.6 ሰከንድ የሚጨርስ ሰው አብሮት ተነሳ እንበል። የሱ ፍጥነት 5.92 ነው። ልዩነቱ 0.42።

አሁን ቀርፋፋውን አቁመው። ቀነኒሳ በሰከንድ 0.42 ሜትር እያለ 400 ሜትር ዞሮ ከጀርባው ይመጣል። ወደ 950 ሰከንድ ይፈጃል፣ 16 ደቂቃ ገደማ። ያኔ እሱ 15ኛ ዙሩን፣ ሌላው 14ኛውን እየጨረሱ ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሮጡ ደግሞ ትደምራለህ፤ 33 ሰከንድ ሳይሞላ ይገናኛሉ።

ጥያቄ፦ የሩጫ ትራክ ግን ክብ አይደለም እኮ!

ልክ ነሽ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉት። ለመደረቡ ስሌት ግን ለውጥ አያመጣም፤ የሚቆጠረው በመንገዱ ላይ ያለው ርቀት ነው። ጣጣው አቅጣጫ ሲመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች በአንድ ክብ ላይ፣ በዲያሜትሩ ሁለት ጫፍ ሆነው በ5 ሜትር በሰከንድ ወደ አንድ ዙሪያ ይሮጣሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። አስተማሪያችን ግን አንጻራዊ ፍጥነታቸው 10 ነው አሉን። ዜሮ አይደለም እንዴ?

እኔም ተማሪ ሳለሁ ዜሮ ብዬ ዜሮ አግኝቻለሁ። አስተማሪህ ልክ ናቸው።

ፍጥነት ቬክተር ነው፤ መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው። አንዱ ወደ ሰሜን ሲሮጥ ሌላው በዚያች ቅጽበት ወደ ደቡብ ነው የሚሮጠው። 5 ሲቀነስ ነጌቲቭ 5፣ 10 ይሆናል። ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ እንዳለ አስብ። ገመዱ አይረዝምም፣ አያጥርም፤ ግን ይሽከረከራል። ያ 10 የሚገልጸው መሽከርከሩን ነው። ርቀቱ በምን ያህል ፍጥነት ይለወጣል ብትለኝ፣ አዎ፣ ዜሮ። ጥያቄው ሌላ ነው።

ጫፍ ለጫፍ ካልሆኑ፣ ከመሃል ሲታዩ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ለሁለት ክፈለው፣ ሳይኑን ውሰድና በፍጥነቱ እጥፍ አባዛው። በ60 ዲግሪ 5 ይመጣል፣ በ90 ደግሞ 7.07።

ጥያቄ፦ ግን እየሮጥኩ ጓደኛዬን ባየው አንድ ቦታ የቆመ ነው የሚመስለኝ።

ምክንያቱም እሱን ለማየት አንተም እየዞርክ ነው። እስቲ ፊትህን ወደ እንጦጦ ተክለህ፣ ሳትዞር ሩጥ (ሰው ይስቅብሃል)። ያኔ ጓደኛህ በዙሪያህ ሲዞር ታየዋለህ። ፍጥነት ከፍጥነት የምንቀንሰው አብሮ ለማይሽከረከር ተመልካች ነው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ 3.07 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከሥሩ ያለው መሬት በሰከንድ 0.465 ኪሎ ሜትር ይዞራል። ስትቀናነስ 2.6 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ዲሹን ግን የሚያዞረው የለም! ሁለቱም በአንድ ቀን አንዴ ስለሚዞሩ፣ አብሮ ለሚሽከረከረው ዲሽ ሳተላይቱ ቆሟል።

ጥያቄ፦ በሚሄድ ብስክሌት ፎቶ ላይ የጎማው የላይኞቹ ሽቦዎች ብዥ ይላሉ፣ የታችኞቹ ጥርት ይላሉ። ለምን?

ጥሩ ዓይን አለሽ። የጎማው ጠርዝ ከመሃሉ አንጻር የሚዞረው ብስክሌቱ በሚሄድበት ፍጥነት ነው። ላይ ሲሆን ይደመራል፣ እጥፍ ይሆናል። አስፋልቱን በሚነካበት ነጥብ ይቀነሳል፣ ዜሮ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከ3 ሰዓት በኋላ የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎቹ መቼ ይደራረባሉ?

የደቂቃው በደቂቃ 6 ዲግሪ ይሄዳል፣ የሰዓቱ ግማሽ ዲግሪ። ልዩነቱ 5.5። ልክ 3 ሰዓት ላይ ክፍተታቸው 90 ዲግሪ ነው፤ አካፍለው፣ 16 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ግን ቆጣሪው 9 ላይ ነው፤ ክፍተቱ 270፣ መልሱ 49 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ።