አክቿሪያል ሳይንስ ልማር ወይስ ስታቲስቲክስ? ለጠየቅሽው መልሴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሒሳብ እወዳለሁ። ለመጀመሪያ ዲግሪ አክቿሪያል ሳይንስ ልያዝ ወይስ ስታቲስቲክስ ተምሬ በኋላ ልግባበት? ይከብዳል ወይ? ሥራውስ በትክክል ምንድነው?» ነው ያልሽው። እኔ የተመረቅኩት በአክቿሪያል ሳይንስ ነው፣ የኢንሹራንስና የጡረታን ስጋት በሒሳብ የሚያሰላው ትምህርት ማለት ነው። ሥራም ላይ ከቆየሁ ዓመታት አልፈዋል። ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ዲግሪው ብቻውን አክቿሪ አያደርግሽም። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የተመዘገብኩት። ያወቅኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፣ ያኔ በጣም ደንግጬ ነበር። ሙያው የሚገኘው በፈተና ነው። ፈተናውን የሚያወጡት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይሆኑ የሙያ ማኅበራት ናቸው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቁት ሦስት ናቸው። የአሜሪካው ሶሳይቲ ኦፍ አክቿሪስ በሕይወት ኢንሹራንስ፣ በጤናና በጡረታ ይታወቃል። ካዡዋሊቲ አክቿሪያል ሶሳይቲ፣ እሱም አሜሪካ ነው፣ መኪናና ቤት የመሳሰሉትን ይዟል። የእንግሊዙ ኢንስቲትዩት ኤንድ ፋኩልቲ ኦፍ አክቿሪስ ደግሞ ለንደንና ኤድንብራ የነበሩት ሁለት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2010 ተዋህደው የፈጠሩት ነው። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱም «ዲግሪሽ የግድ አክቿሪያል ሳይንስ ይሁን» አይልሽም። ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ምህንድስና ተምረው የገቡ ብዙ አሉ። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል በጣም የማከብራት ልጅ ፊዚክስ ነው የተማረችው።

ታዲያ ዲግሪው ምን ይሠራል? ዋናው ጥቅሙ ለፈተናው የሚያስፈልግሽን ትምህርት በተራና በመምህር ማግኘትሽ ነው። ሌላው ደግሞ፣ በተለይ በእንግሊዙ መንገድ፣ ዩኒቨርሲቲው ከማኅበሩ ዕውቅና ካለው በተወሰኑ ኮርሶች በቂ ውጤት ስታመጪ ከአንዳንዶቹ ፈተናዎች ነፃ ትሆኛለሽ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥራ ይዞ ማታ ማታ ለፈተና ማጥናት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የሞከረው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ኢኮኖሚክስ ነው። እሱ የትም ያው ነው። ነገሩ የሚጀምረው ፕሮባቢሊቲና የወለድ ሒሳብ ሲመጡ ነው። እስከዚያ ድረስ በሽምደዳ የመጣ ተማሪ እዚህ ይቆማል። እኔም ሸምዳጅ ነበርኩ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ቀን የሆነውን ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚነግርሽ የለም። መምህራችን ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፈልን። 1,000 ሰዎች አሉ፣ ሁሉም 40 ዓመታቸው ነው። የአንድ ዓመት የሕይወት ኢንሹራንስ ገቡ። የሞተ ሰው ካለ ቤተሰቡ በዓመቱ መጨረሻ 100,000 ይቀበላል (በፈለግሽው ገንዘብ ቁጠሪው)። በዓመቱ ውስጥ 2 ሰው ይሞታል ብለን እንጠብቃለን። እያንዳንዱ ስንት አረቦን ይክፈል?

ሁላችንም እጃችንን አወጣን። 2 ሰው በ100,000 ሲባዛ 200,000 ነው። ለ1,000 ሲካፈል 200 ይመጣል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ዛሬ ስለሆነና በ5% ወለድ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠራ፣ 200ን ለ1.05 ስናካፍል 190.48። አለቀ ብለን ተቀመጥን።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና «3 ሰው ቢሞትስ?» አለን። ክፍሉ ጭጭ አለ።

ከዚያ አብረን አሰላነው። በአማካይ 2 ሰው ይሞታል ተብሎ ሲጠበቅ 3 ወይም ከዚያ በላይ የመሞቱ ዕድል ወደ 32% ይጠጋል። ማለትም 190.48 ያስከፈለ ድርጅት ከሦስት ዓመት በአንዱ ግድም ገንዘቡ አይበቃውም። መልሳችን ስህተት አልነበረም፣ ግን ድርጅቱን ይጥለው ነበር። ቀጠለና ሰዎቹን 100,000 አደረጋቸው። አሁን የሚጠበቀው ሞት 200 ነው። በ1,000 ሰው ጊዜ የተለመደው መዋዠቅ 1.4 ሰው አካባቢ ነበር፣ ከአማካዩ 70% ማለት ነው። በ100,000 ሰው ጊዜ ግን 14 ሰው ነው፣ ከአማካዩ 7% ብቻ። ስለዚህ ከተጠበቀው በላይ ሰው ቢሞት ተብላ በእያንዳንዱ ሰው አረቦን ላይ የምትጨመረው መጠባበቂያ በጣም ታንሳለች። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲሆን ሸክሙ ለምን እንደሚቀል ያን ቀን በቁጥር አየሁት። ሽምደዳ ያቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ትምህርት ታሪክም አለው፣ እኔ እወደዋለሁ። ኤድመንድ ሃሊ፣ ጅራታም ኮከብ በስሙ የተሰየመለት ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1693 የብሬስላውን ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ ይዞ የዕድሜና የሞት ሰንጠረዥ ሠራ። ከእሱ በኋላ ጄምስ ዶድሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር መጣ። ዕድሜህ አልፏል ተብሎ የሕይወት ኢንሹራንስ ተከልክሎ ነበር። በዚያን ዘመን ዋጋው ለወጣቱም ለጎልማሳውም አንድ ስለነበር፣ ዕድሜው የገፋ ሰው አይፈለግም። ዶድሰን ግን ዋጋው በየዕድሜው ከተሰላ የሚከለከል ሰው አይኖርም ብሎ ስሌቱን ሠራ። እሱ በ1757 ሞተ። በሐሳቡ ላይ የቆመው ድርጅት በ1762 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። «አክቿሪ» የሚለው መጠሪያ በኢንሹራንስ ሥራ ውስጥ የገባው በዚያ ድርጅት ነው።

«ይከብዳል ወይ?» ላልሽው፣ አዎ ይከብዳል። ግን የሚከብደው ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም። የሶሳይቲ ኦፍ አክቿሪስን የፕሮባቢሊቲ ፈተና መጀመሪያ ስቀመጥ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሼ ነበር። 30 ጥያቄ በ3 ሰዓት፣ ለአንዱ 6 ደቂቃ። አንዱ ጥያቄ ላይ እልህ ያዘኝና ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩበት። መጨረሻ ላይ ሰባት ጥያቄ ሳላነበው ሰዓቱ አለቀ። ውጤቱ ከ10 ነው የሚሰጠው፣ ማለፊያው 6 ነው። እኔ 5 አመጣሁ። ለሳምንት ያህል ከሰው ጋር መነጋገር አስጠላኝ።

ኋላ ሳየው እውቀት አልጎደለኝም፣ የጎደለኝ ፍጥነትና መተው ነው። ለሁለተኛው ሙከራ አዲስ መጽሐፍ አልከፈትኩም። ሰዓት ይዤ ጥያቄ መሥራት ብቻ። የተሳሳትኩትን በአንድ ደብተር ላይ ከነምክንያቱ እጽፋለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ሳገላብጠው አብዛኛው ስህተቴ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ቢያንስ አንድ» የሚለውን «አንድ ብቻ» ብዬ ነበር የማነበው። ያንን ካረምኩ በኋላ አለፍኩ። በሙያው ውስጥ ለአንድ ሰዓት ፈተና 100 ሰዓት አጥኑ ይባላል። እኔ በደረሰብኝ መጠን ልክ ነው።

ሌላም ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ፈተናው ከምረቃ በኋላም ይቀጥላል። ሙሉ ማዕረግ እስክታገኚ ድረስ ዓመታት ይፈጃል። እኩዮችሽ ቅዳሜ ሲዝናኑ አንቺ ታጠኛለሽ። ይህን የሚችል ትዳርም ጓደኛም ያስፈልግሻል፣ እውነቴን ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ቀመር የምንፈታ ይመስለዋል። በኢንተርንሽፕ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያሳለፍኩት በኤክሴል የመድን ገቢዎችን ዝርዝር በማጽዳት ነው። አንድ ቀን አለቃዬ ከኋላዬ ቆማ አየችና «እነዚህ ሦስት መቶ ሰዎች ሁሉም የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው እንዴ?» አለችኝ። አላስተዋልኩትም ነበር። ለካ መዝጋቢው የልደት ቀን ሲያጣ ሲስተሙ ራሱ የሚሞላው ቀን ነው። ዓመቱም የተገመተ ነበር። ዕድሜው ከተሳሳተ የሞት መጠኑ ይሳሳታል፣ መጠባበቂያውም አብሮ ይሳሳታል። እኔ ግን በዚያ ዝርዝር ላይ ያማረ ሞዴል ልሠራ እየተዘጋጀሁ ነበር። እስከ ዛሬ አዲስ ዳታ ስከፍት መጀመሪያ የማየው የልደት ቀኖችን ነው።

ሌላው የሥራው ግማሽ ማስረዳት ነው። ሒሳብ የማይወድ ሥራ አስኪያጅ ፊት ቆመሽ «ዘንድሮ ያተረፍን ቢመስልም ይህን ያህሉ የኛ አይደለም፣ ወደፊት ለሚከፈል የካሳ ጥያቄ መቀመጥ አለበት» ማለት አለብሽ። በሁለት ገጽ ጽሑፍ፣ ቀመር ሳታበዢ። ስለዚህ የመጻፍና የመናገር ኮርስ ሲመጣ «ይሄ ለኛ አይደለም» ብለሽ እንዳትዘይው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አክቿሪያል ሳይንስ ወይስ ስታቲስቲክስ? እኔ ብሆን የምወስነው በዲግሪው ስም ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ነው። የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ጠይቂና ከፈተናዎቹ ሲላበስ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። ከተመራቂዎቻቸው ቢያንስ አንድ የሙያ ፈተና ያለፉ አሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ድፍንፍን ካለብሽ ተጠንቀቂ። አር ወይም ፓይተን የሚባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች በደንብ ያስተምራሉ ወይስ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነክተው ያልፋሉ? በእንግሊዙ ማኅበር የስታቲስቲክስ ፈተናዎች ውስጥ በአር የሚሠራ ክፍል ስላለ ይህ ለይስሙላ የሚጠየቅ አይደለም። እነዚህ ከተሟሉ አክቿሪያል ሳይንስን ያለ ስጋት ያዢ። ካልተሟሉ ጠንካራ የስታቲስቲክስ ክፍል ይሻልሻል። ሁለት ፈተና በራስሽ አጥንተሽ ካለፍሽ ቀጣሪ ከሌላው አሳንሶ አያይሽም። ሐሳብሽን ብትቀይሪም ስታቲስቲክስ ሌላ በር ይከፍትልሻል፣ በ18 ዓመት ሐሳብ መቀየር ደግሞ ያለ ነው።

ከመመዝገብሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሶሳይቲ ኦፍ አክቿሪስ የፕሮባቢሊቲውን ናሙና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧል። አውርጂው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥያቄዎች ሰዓት ሳትይዢ ሞክሪ። ካልኩለስ የሚፈልጉትን ለጊዜው እለፊያቸው። ስንት እንዳገኘሽ አያሳስበኝም። የተሳሳትሽውን መልስ ስታዪ «ለምን?» ብለሽ ወረቀቱን መልሰሽ ትስቢያለሽ ወይስ ደክሞሽ ትዘጊዋለሽ? እሱን ንገሪኝ። ያልገባሽን ጥያቄም ከነሙከራሽ ላኪልኝ፣ ማታ ማታ እያየሁ እመልስልሻለሁ።