ስለ ጥልቅ ውኃ ዓሦችና ስለ አየር ከረጢታቸው ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ በሶናር፣ ማለትም ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በሚያዳምጥ መሣሪያ፣ ዓሣ መቁጠር ነው። አንድ አደራ አለኝ፦ የማሚቶው ጉልበት የዓሣው ብዛት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጣት የማታክል ዓሣ 300 ሜትር ጥልቀት ላይ እንዴት ትታያለች?

መልስ፦ ጎልቶ የሚታየው ሥጋዋ ሳይሆን ሆዷ ውስጥ ያለው አየር ነው። ሥጋ ከውኃ ብዙም ስለማይለይ አብዛኛው ድምፅ ያልፈዋል፣ አየር ግን ይመልሰዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሶናር የባሕር ወለል የሚመስል ንጣፍ ያሳይ ነበር። ቀን ወርዶ ማታ ሲወጣ ነው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ የታወቀው።

ጥያቄ፦ ትልቅ ዓሣ ሁልጊዜ ይበልጥ ይደምቃል?

መልስ፦ አይደለም! ይህቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። አረፋ እንደ ከበሮ የራሱ ቃና አለው። ራዲየሷ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች አረፋ ውኃው ገጽ አጠገብ በ6.5 ኪሎኸርዝ ገደማ (በሰከንድ 6,500 ጊዜ) ትርገበገባለች። 300 ሜትር ላይ ግፊቱ 31 እጥፍ ነው፤ ያቺው መጠን ያላት አረፋ እዚያ 36 ኪሎኸርዝ ገደማ ትደርሳለች። ብዙዎቻችን በሶናር የምንልከው ድምፅ ደግሞ 38 ነው! ድምፁ ከአረፋዋ ቃና ጋር ሲቀራረብ አረፋዋ በኃይል ትርገበገባለች። ስለዚህ ሚጢጢዋ ዓሣ ከትልቁ በላይ ልትጮህ ትችላለች።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማሚቶው ሲደምቅ ዓሣው በዝቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። አይደለም።

ጥያቄ፦ የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በምን ጥልቀት? እንዲህ በደፈናው አልመልስም።

አንድ አባል፦ ማሚቶ ከሌለ ግን ውኃው ባዶ ነው።

ሌላ አባል፦ ኧረ በፍጹም! አንዳንድ ሚክቶፊዶች (ትንንሽ የጥልቅ ውኃ ዓሦች) ሲያድጉ ከረጢታቸው ስብ ይሞላል።

የመጀመሪያው፦ እነሱ ስንት ሆነው ነው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ላቋርጣችሁ። ከአንድ መረብ የወጡ ሁለት ዓሦችን ሰንጥቄ አይቻለሁ፣ ርዝመታቸው እኩል ነው። የአንዱ ከረጢት ስስና የሚያብረቀርቅ፣ የሌላው ቢጫ ስብ ብቻ። ለሶናር ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሳይፎኖፎር የሚባሉት የጄሊፊሽ ዘመዶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ የጋዝ ፊኛ ስላላቸው ዓሣ ይመስላሉ።

ጥያቄ፦ በዓለም ላይ ስንት ቶን የጥልቅ ውኃ ዓሣ አለ?

መልስ፦ ድሮ 1 ቢሊዮን ቶን ይባል ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የድምፅ ጥናት ወደ 10 ቢሊዮን አደረሰው። የከረጢቱን ግምት ስትቀይሩ ግን ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል። ደግሜ ልበል፣ ማሚቶ ብዛት አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ መረብ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ዓሦቹ መረቡን ይሸሻሉ፣ ሲወጡም አየሩ ሰፍቶ ከረጢቱን ሊቀድደው ይችላል። መረብም ጣሉ፣ ከአንድ በላይ ፍሪኩዌንሲም (የድምፅ ቃና) ተጠቀሙ፤ ከተቻለም መሣሪያውን ወደ ዓሦቹ አውርዱት።